ፍሌክሲብል ዳይት በጅማ ጓዳ፦ የካሎሪና የማክሮ ሒሳብ ሲሠራ

ጅማ ውስጥ ጂም የሚመላለስ ሰው አሁን አሁን የሚያወራው ስለ ኪሎ ብቻ አይደለም። «ማክሮህ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ (ማክሮ የሚባሉት ፕሮቲን፣ ቅባትና ካርቦሃይድሬት ናቸው) ከአሰልጣኝም ከጓደኛም አፍ ይሰማል። አፕ በስልኩ የጫነ፣ ከቴሌግራም ቻናል ያገኘውን የምግብ ፕሮግራም በስክሪንሾት ይዞ የሚዞር ወጣት ከፈረንጅ አራዳ እስከ ቆጪ አይጠፋም። ፕሮግራሙ ላይ አጃ፣ የዶሮ ደረት፣ ብሮኮሊና የግሪክ እርጎ ተደርድረዋል። ቤት ሲገባ የሚጠብቀው ደግሞ ሽሮ ነው።

ፍሌክሲብል ዳይት የሚባለው አካሄድ ይህን ግጭት ይፈታል ተብሎ የመጣ ነው። የተከለከለ ምግብ የለውም። በቀን የሚበላው ካሎሪ ይወሰናል፤ በዚያ ውስጥ ፕሮቲኑ፣ ቅባቱና ካርቦሃይድሬቱ በግራም ይመደባሉ። ሒሳቡ እስከተዘጋ ድረስ ሽሮም ሆነ ጨጨብሳ የበላተኛው ምርጫ ነው። ሐሳቡ ለእኛ አገር ማዕድ በጣም የሚመች ይመስለኛል፤ ጤፍን፣ ጥራጥሬንና ጎመንን «የዳይት ምግብ አይደሉም» ብሎ የሚያባርር ፕሮግራም ከመከተል ይልቅ ያለውን ምግብ ልክ ማስያዝ ይሻላል።

የሚያስቸግረው ቆጠራው የሚጀመርበት ቦታ ነው። አፑ የተሠራው እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሳህን ይዞ ለሚበላበት፣ የምግቡም ግራም ማሸጊያው ላይ ተጽፎ ለሚመጣበት ኑሮ ነው። እዚህ አንድ ትሪ ላይ አምስት እጅ ይገባል። ወጡን የሠራችው እናት ዘይቱን የለካችው በዓይኗ ነው። ጉርሻም አለ፤ «ማክሮዬ ሞልቷል» ብሎ የአያትን ጉርሻ የሚመልስ ካለ ጨክኗል። እናም ብዙ ሰው ወይ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ቆጠራውን ይተወዋል፣ ወይም የሚቆጠር የመሰለውን አንድ ነገር ብቻ፣ እንጀራውን፣ ይቀንሳል። በዚህ ጽሑፍ የማሳየው እንጀራው በአብዛኛው ያለ ጥፋቱ መከሰሱን ነው። በጅማ ጓዳ ሒሳቡን የሚያዛባው ዘይቱ ነው፤ የሚጎድለው ደግሞ ፕሮቲኑ።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

መነሻው ሰውነት ተኝቶ እንኳ የሚያቃጥለው ጉልበት ነው። ለዚህ ብዙ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ሚፍሊንና ሴንት ጂኦር ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1990 እ.ኤ.አ. ያወጡት ቀመር ነው። ክብደት በኪሎ በ10 ይባዛል፤ ቁመት በሴንቲ ሜትር በ6.25 ይባዛል፤ ሁለቱ ይደመሩና ዕድሜ በ5 ተባዝቶ ይቀነሳል። ለወንድ 5 ይጨመራል፤ ለሴት 161 ይቀነሳል።

አንዲት የቢሮ ሠራተኛ እንውሰድ፤ ዕድሜዋ 32፣ ክብደቷ 68 ኪሎ፣ ቁመቷ 160 ሴንቲ ሜትር። ቀመሩ 1,359 ካሎሪ ይሰጣል። ይህ ቁጥር በእንቅስቃሴ መጠን ይባዛል፤ ቀኑን ተቀምጦ ለሚውል 1.2፣ ጥቂት ለሚንቀሳቀስ 1.375፣ በሳምንት ሦስት አራት ቀን በደንብ ስፖርት ለሚሠራ 1.55 እያለ ይሄዳል። ሴትየዋ ወደ ሥራ በእግሯ ትመላለሳለች፣ ሳምንት ውስጥ ሁለት ቀን ጂም ትገባለች፤ 1.375 ይበቃታል። ውጤቱ 1,870 ገደማ ነው፤ ክብደቷ ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚቆይበት የቀን ምግብ ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰዓት ጂም ስለገባ ብቻ ራሱን ከገበሬና ከጉልበት ሠራተኛ ተርታ አሰልፎ ከ1.55 በላይ ይመርጣል፤ ቀሪውን 23 ሰዓት ይረሳል።

መቀነስ ከፈለገች ከ1,870ው 15 በመቶ፣ ማለትም 280 ካሎሪ ታነሳለች። የቀን ግቧ ወደ 1,600 ይወርዳል። 1 ኪሎ የሰውነት ስብ በግርድፉ 7,700 ካሎሪ ይይዛል ስለሚባል፣ በቀን 280 ማጉደል በሳምንት ሩብ ኪሎ፣ በወር 1 ኪሎ ያህል ይቀንሳል። «በወር 10 ኪሎ» የሚል ማስታወቂያ ለለመደ ጆሮ ይህ ምንም አይደለም። ነገር ግን ማኅበራዊ ኑሮዋን ሳትተው፣ ከቤተሰብ ትሪ ሳትነሳ ልታደርገው የምትችለው ይህን ነው። ከ1,200 በታች የሚያወርድ ፕሮግራም ከሐኪም ካልመጣ በቀር አይታሰብ።

ከካሎሪው በኋላ ማክሮ ይመጣል። ለ1 ግራም ፕሮቲን 4፣ ለካርቦሃይድሬት 4፣ ለቅባት 9 ካሎሪ የሚሰጠው ስሌት አሜሪካዊው ኬሚስት ዊልበር አትዋተር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከሠራው ሥራ የወረስነው ነው። ለጤነኛ ጎልማሳ የፕሮቲን ዝቅተኛ ልክ በ1 ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ነው። ክብደት እየቀነሰ ጡንቻው እንዳይሄድበት የሚፈልግ ሰው ግን ከ1.2 እስከ 1.6 ቢያገኝ ይመረጣል። ለሴትየዋ የ0.8ቱ ልክ 54 ግራም ነው፣ የ1.2ቱ 80 ያህል፣ የ1.6ቱ ወደ 110። አፑ ያለ ርኅራኄ 110 ይላታል። የሥጋና የእንቁላል ዋጋ የሚያውቅ ሰው 80 ይላታል፤ እኔም 80 ነው የምለው። ቅባቱ በኪሎ 0.8 ግራም ተደርጎ 55 ግራም ይሁን። ፕሮቲኑ 320 ካሎሪ፣ ቅባቱ 495 ካሎሪ ወሰዱ። ከ1,600ው የቀረው 785 ለካርቦሃይድሬት ይሰጣል፤ 196 ግራም ማለት ነው። ካርቦሃይድሬት ቀሪ ሒሳብ ነው፤ ካሎሪውና ፕሮቲኑ ከተያዙ እሱ 40 ግራም ቢያልፍ ወይም ቢጎድል የሚፈርስ ነገር የለም።

እንጀራን በዱቄቱ

አፕ ላይ «እንጀራ» ብሎ የፈለገ ሰው ለ100 ግራም እርስ በርሱ የማይገናኝ ቁጥር ያገኛል፤ አንዱ የሞላው የደረቅ ዱቄቱን ካሎሪ ነው፣ ሌላው የበሰለውን። የበሰለ እንጀራ ከግማሽ በላዩ ውሃ ስለሆነ ልዩነቱ እጥፍ ይሆናል። መፍትሔው ከዱቄቱ መነሳት ነው። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 365 ካሎሪ ያህል አለው፤ ፕሮቲኑ እንደ ዝርያው ከ10 እስከ 13 ግራም ይደርሳል። ቤት ውስጥ ከ1 ኪሎ ዱቄት 7 እንጀራ የሚወጣ ከሆነ አንዱ ላይ 143 ግራም ዱቄት አለ፤ 520 ካሎሪ ገደማ ማለት ነው። 9 የሚወጣ ከሆነ 405 ነው። ስንት እንደሚወጣ የምታውቀው ምጣዱ ላይ የምትቀመጠው ናት፤ እሷን አንድ ጊዜ መጠየቅ ከየትኛውም አፕ ይሻላል።

ጤፍ ሲወደድ ቤቱ ከበቆሎ ወይም ከማሽላ ይቀላቅላል። በጅማ ዙሪያ በቆሎ በብዛት ስለሚመረት ይህ የተለመደ ነው። ካሎሪው ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ የለም፤ የእህል ዱቄት ሁሉ በ350 እና በ370 መካከል ይዋልላል። ዝቅ የሚለው ፕሮቲኑ ነው፤ የበቆሎ ፕሮቲን በመጠኑ ከማነሱም ሌላ ላይሲንና ትሪፕቶፋን የሚባሉት አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ክፍሎች) ይጎድሉታል። ሽሮና ምስር ላይሲኑን ይሞላሉ፤ እንጀራ በሽሮ ከድህነት ብቻ የመጣ ጥምረት አይደለም። ቆጮ የሚበላ ሰው ደግሞ ይህን በይበልጥ ያስብ። ቆጮ ጉልበት ነው እንጂ ፕሮቲን የለውም ቢባል ይቀላል፤ አይብ ወይም ባቄላ ከጎኑ ካልተቀመጠ ሆድ ይሞላል፣ ሒሳቡ ግን አይሞላም።

ዘይቱ

አምስት ሰው ያለበት ቤት በወር አንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ዘይት ይጨርሳል እንበል። 1 ሊትር የምግብ ዘይት 920 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 5 ሊትሩ 4,600 ግራም ይሆናል። በ9 ሲባዛ 41,400 ካሎሪ። ለ5 ሰው፣ ለ30 ቀን ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 276 ይደርሰዋል። ያው ቤት በወር ሁለት ጀሪካን የሚጨርስ ከሆነ 552 ይሆናል። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ልዩነት ሴትየዋ በቀን ላጎድል ካለችው 280 ጋር እኩል ነው። አንድ ቅጠል እንጀራ ሳይነካ፣ ማንም ሳያያት፣ ጀሪካኑ ብቻውን ዳይቷን ያፈርስባታል ወይም ያሳካላታል።

ይህ ወጥ ሲሠራ ቆሞ ላየ ሰው አይገርመውም። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ቁሌቱ ይያዝና ጀሪካኑ ዘንበል ይላል፤ «ትንሽ ነው» ይባላል። በርበሬው ሲገባ እንዳያር ሌላ ጠብታ ይከተላል። ሊወርድ ሲል ደግሞ ወጡ «እንዲያምር» ይደገማል፤ ዘይቱ ላዩ ላይ ካልወጣ ወጡ አልበሰለም የሚል አማት አይጠፋም። የቡና ሲኒ 70 ሚሊ ሊትር ያህል ቢይዝ፣ አንድ ሲኒ ዘይት ወደ 580 ካሎሪ ነው፤ ከአንድ ሙሉ እንጀራ ይበልጣል። የሾርባ ማንኪያው 120 ነው። ንጥር ቅቤም ከዘይት አይተናነስም፤ ሁለቱም ስብ ናቸው፤ ቅቤ «የተፈጥሮ» ስለሆነ አያወፍርም የሚለውን ወሬ ሚዛን አያውቀውም።

ስለዚህ የሚሻለው ቆጠራ በወሩ መጀመሪያ ጀሪካኑ ላይ ቀን መጻፍ ነው። ምን ያህል ሰው እንደሚበላበትና በስንተኛው ቀን እንዳለቀ ከታወቀ የቤቱ የቀን ዘይት ይታወቃል። ከዚያ ዘይቱን ከጀሪካን ወደ ድስት ማፍሰስ ትቶ በሲኒ ወይም በማንኪያ ማድረግ ነው። ትሪው ላይ የማን እጅ ስንት እንደወሰደ መለካት አያስፈልግም፤ ወጡ ራሱ ቀልሏል። ይህን ለማድረግ ግን ዳይት ላይ ያለው ሰው ከማብሰያው ቤት ጋር መነጋገር አለበት። በብዙ ቤት ዳይቱን የያዘው ወንድ ልጅ ጓዳ ገብቶ አያውቅም፤ አፑን በሦስት መቶ ብር ዳታ እየሞላ የወጡን ዘይት ግን ከእናቱ ጠይቆ አያውቅም። አገሪቱ በ2014 ዓ.ም. ይፋ ያደረገችው የአመጋገብ መመሪያም የዘይት፣ የስኳርና የጨው መጠን እንዲወሰን ይመክራል፤ መመሪያው መድረስ ያለበት ለድስቱ ባለቤት ነው።

የፍስክ ቀንና የጾም ቀን

የሴትየዋን 1,600 በምግብ እንየው። በፍስክ ቀን፦ ከ1 ኪሎ ዱቄት 7 ከሚወጣው እንጀራ አንድ ተኩል፣ ከ60 ግራም የሽሮ ዱቄት የተሠራ ወጥ ድርሻ፣ ሁለት እንቁላል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት፣ 100 ግራም ቀይ ሥጋ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ጎመን። ሲደመር 1,600 አካባቢ ይመጣል፤ ፕሮቲኑ 78 ግራም ገደማ ነው። አንድ ተኩል እንጀራ በልታለች። ረሃብ የለም።

ረቡዕና ዓርብ ሲመጣ ሥጋው፣ ወተቱና እንቁላሉ ይወጣሉ። በቦታቸው 80 ግራም ደረቅ ምስር ይገባል፤ ዘይቱ ሁለት ማንኪያ ይሆናል። ካሎሪው ከ1,500 ትንሽ ከፍ ይላል፣ ፕሮቲኑ ግን ወደ 56 ይወርዳል፣ ካርቦሃይድሬቱ 240 ያልፋል። አፑ ቀይ ያበራል። መልሱ እንዲያበራ መተው ነው፤ 56 ግራም የ0.8ቱን ልክ አልፏል፣ የሳምንቱ አማካይም 72 ገደማ ይሆናል። ፍሌክሲብል ከተባለ መተጣጠፉ እዚህ ላይ ይታይ፤ ቀን በቀን ከመቁጠር በሳምንት መቁጠር ለጾመኛ ሕዝብ ይስማማዋል። በአንጻሩ ጥራጥሬ በዝቶ የሚበላበት ቀን አሰሩ (ፋይበሩ) ከበቂ በላይ ነው፤ ፈረንጅ በእንክብል የሚገዛው ነገር ሽሮ ውስጥ አለ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ነገሩ ይለወጣል፤ 55 ቀን ተከታታይ ነው። የሁለት ቀን ጉድለት በአምስቱ ቀን አይካካስም። ያኔ ፕሮቲኑ ሆን ተብሎ መፈለግ አለበት። ቀላሉ መንገድ ሽሮው ሲፈጭ አኩሪ አተር መቀላቀል ነው፤ 100 ግራም አኩሪ አተር 36 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፣ ከምስርና ከባቄላ አንድ ሦስተኛ ይበልጣል። 30 ግራም ብቻ በቀን ድርሻዋ ውስጥ ቢገባ 11 ግራም ይጨምርላታል። ጣዕሙን የሚያማርር አለ፤ በደንብ ከተቆላና ከሩብ ካላለፈ ብዙ ሰው አይለየውም። ለውዝም ፕሮቲን አለው ተብሎ ይዘፈንለታል፣ ግማሹ ስብ መሆኑ ግን አይነገርም፤ 100 ግራሙ 560 ካሎሪ ያልፋል።

ጅማ ላይ ይህን ሒሳብ የሚሠራው ጾመኛ ክርስቲያን ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ረመዳንና ዐቢይ ጾም እኩል ገቡ፤ በ2017 እና በ2018ም ተደራርበው አለፉ። አንዱ ጎረቤት ከማዕዱ ሥጋውን ሲያወጣ ሌላው የመብያ ሰዓቱን ቀየረ። ለረመዳን ጾመኛ የፕሮቲን እጥረት የለም፤ ፈተናው ካሎሪው በሁለት ማዕድ መከማቸቱ ነው። በአፍጥር ሰዓት ቴምር፣ ሾርባ፣ ከዚያ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ ይቀርባል፤ ዋናው እራት ሳይመጣ ግማሹ የቀን ግብ ያልቃል። ቴምሩንና ሾርባውን ጠብቆ ሳምቡሳውን መቁጠር፣ ለሱሁር (ከንጋት በፊት ለሚበላው) ደግሞ እንቁላል፣ ባቄላ ወይም ወተት ማስቀመጥ ይጠቅማል። ሱሁርን በጣፋጭ ሻይና በዳቦ የዘጋ ሰው እስከ ቀትር ሳይደርስ ይርበዋል።

የማይቆጠሩት

ቡና በአገሩ ነው፤ ጅማ ላይ ስለ ዳይት ጽፎ ቡናን መዝለል ያሳፍራል። ቡናው ራሱ ካሎሪ የለውም ቢባል ሐሰት አይደለም። ስኳሩ ግን አለው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ነው፣ 16 ካሎሪ። ከአቦል እስከ በረካ ሦስት ሲኒ፣ በየሲኒው ሁለት ማንኪያ፣ 96 ካሎሪ። ጠዋትና ከሰዓት ከሆነ 200 ይጠጋል። በጨው ወይም ያለ ምንም የሚጠጣ ሰው ይህ አይነካውም። ከቡናው ጎን የሚቀርበው ቆሎ የተሻለ ቁርስ ነው፤ እፍኙ ግን ይታወቅ።

ጨጨብሳም አለ። 150 ግራም ዱቄት፣ 35 ግራም ንጥር ቅቤ፣ ከላይ የጅማ ማር ጠብ ሲልበት 900 ካሎሪ አካባቢ ይደርሳል። ከሴትየዋ የቀን ግብ ከግማሽ ይበልጣል። የተከለከለ አይደለም፤ እሑድ ጠዋት በልታ ምሳዋን ቀለል ካደረገች ሒሳቡ ይዘጋል። ቁርስ ቤት ገብታ ለሁለት ከተካፈለችውማ ጉዳዩ አልቋል። የአቮካዶ ጁስ ደግሞ ብዙ ሰው «ፍራፍሬ ነው» ብሎ ከሒሳብ ያስወጣዋል። 200 ግራም አቮካዶ 320 ካሎሪ አለው፤ ስኳርና ሽሮፕ ሲጨመርበት አንድ እንጀራ በስትሮ እንደመጠጣት ነው።

ጫት ሲነሳ ሰው ዝም ይላል፣ ግን የጅማ ከሰዓት ያለ እሱ አይገለጽም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ስለዚህ ቃሚው ምሳውን ይዘላል ወይም ቁንጽል ይበላል፤ አፑ ላይ ቀኑ ያማረ ይመስላል። በርጫው ላይ ግን ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ይመጣል፤ 300 ሚሊ ሊትር ኮካ ኮላ ብቻውን 32 ግራም ያህል ስኳር አለው፣ 130 ካሎሪ ገደማ። ሌሊት ላይ ምርቃናው ሲወርድ ረሃቡ ይመለሳል፤ እንቅልፍም አጥሯል። ጫትን እንደ ዳይት መድኃኒት የሚያዩ ወጣቶች አሉ፤ የሚቀንሱት መጀመሪያ ፕሮቲኑንና እንቅልፉን ነው፤ ሁለቱም ጡንቻን የሚይዙ ናቸው።

ሚዛኑ የሚለው

ከላይ የተሠራው ቁጥር ሁሉ ግምት ነው። ቀመሩ ለአንድ ግለሰብ በ10 በመቶ ሊስት ይችላል፤ 10 በመቶ ደግሞ ለሴትየዋ ወደ 190 ካሎሪ ነው። የሚፈርደው ሚዛኑ ነው፣ እሱም በአንድ ቀን አይፈርድም። ጨው የበዛበት ዶሮ ወጥ በልቶ ያደረ፣ የወር አበባዋ የቀረበ፣ ከጾም ወጥቶ ፋሲካን ያከበረ ሰው በአንድ ሌሊት አንድ ሁለት ኪሎ ቢጨምር የገባው ውሃ ነው። ሰውነት ከካርቦሃይድሬት የሚያከማቸው 1 ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣልና።

ቤቱ ሚዛን የሌለው ሰው አስፋልት ዳር ሚዛን ዘርግተው የሚቀመጡት ልጆች ጋ ይመዘናል። ይሠራል፤ ሚዛኑ ትክክለኛ ኪሎ ባይናገር እንኳ ለውጡን ይናገራል። ቁም ነገሩ ሁልጊዜ ያው ልጅ ጋ፣ ያው ሚዛን ላይ፣ ጠዋት ቁርስ ሳይበላ፣ በተመሳሳይ ልብስ መመዘን ነው። ከመርካቶ ዕቃ ተሸክሞ ሲመለስ ሌላ ሚዛን ላይ ወጥቶ መደንገጥ የተለመደ ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ተመዝኖ አማካዩን መያዝ፣ ከሳምንት ሳምንት አማካዮቹን ማነጻጸር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ካልወረደ ከ100 እስከ 150 ካሎሪ ይቀነሳል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ማለት ነው። በሳምንት ከክብደቱ 1 በመቶ በላይ እየወረደ ከሆነ ምግብ ይጨመራል። አምስት ኪሎ በወረደ ቁጥር ቀመሩ እንደገና ይሠራል፤ ትንሽ ሰውነት ትንሽ ይበላልና።

እርጉዝ፣ የምታጠባ፣ ገና በማደግ ላይ ያለ ልጅ፣ ኢንሱሊን የሚወጋ የስኳር ታማሚ፣ ከዚህ በፊት ከምግብ ጋር የተጣላ (የአመጋገብ ሕመም የነበረበት) ሰው ይህን ሒሳብ ከሐኪም ጋር እንጂ ከአፕ ጋር አይሥራ።

የቴሌግራም ቻናሎቹ ሁሉንም ሰው ወፍራም አድርገው ነው የሚያናግሩት። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ የኢትዮጵያ ሴቶች 22 በመቶው ከሲታ፣ 8 በመቶው ደግሞ ከልክ በላይ ክብደት ያላቸው መሆናቸውን አሳይቷል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ለሚኖር 52 ኪሎ፣ 175 ሴንቲ ሜትር፣ የ20 ዓመት ልጅ «ካርቦሃይድሬት ቀንስ» የሚለው ምክር ጉዳት ነው። ያለ ምክንያት እየከሳ ከሆነ መጀመሪያ ክሊኒክ ይሂድ፤ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም የሆድ ትላትል እንዳለበት ሳይመረመር ማክሮ አይቆጠርም። ጤነኛ ከሆነ ቀመሩ 1,520 ይሰጠዋል፤ ኳስ የሚጫወት ስለሆነ በ1.55 ተባዝቶ 2,355፣ ለመጨመር 300 ሲታከልበት 2,650 ገደማ። የካፌ ምግቡ 2,000 ያህል ይሞላለታል ብንል የቀረችው 650 በርካሽ ትገኛለች፦ 100 ግራም በሶ 360 ካሎሪ፣ ግማሽ አቮካዶ ወደ 160፣ አንድ እፍኝ ለውዝ 170። በሶውን በውሃ ሳይሆን በወተት ቢበጠብጠው ደግሞ በአንድ ብርጭቆ 8 ግራም ፕሮቲን ያተርፋል።